የዚያ ዓመት በረዶ

«ይሄ ነገር እኮ ሞቅ ያለ አየር ነው የሚሰጠን» አሉ የባለቤቱ አክስት፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ኤሲ ቀና ብለው። እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩና በጋዜጣ ማራገባቸውን ቀጠሉ።

ሦስተኛው የሐዘን ቀን ነበር። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ከትምህርት ቤት አግዳሚ መጥቷል። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መምህሩ የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ ይዞ በሰው ጉልበት መሃል ይሽለኮለካል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትሪ ከእጁ አልወረደም፤ ትሪ የያዘ ሰው ለምን አታለቅስም አይባልም ብሎ ነው። ግን ተብሏል። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያንሾካሾኩ መስሏቸው ሲያወሩ ትናንት ሰምቷቸዋል።

«አማችየው አንዲት እንባ እንኳ ጠብ አላለውም» አለች አንዷ።

«ምን ያድርግ፣ አማቱ አይደሉ? ተገላገለ» አለች ሌላዋ።

አልተገላገለም። እንባው እምቢ ያለው ሐዘን ጠፍቶ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ አለቃ ይወዱት እንደነበር ወይስ ለልጃቸው ሲሉ ብቻ ይታገሡት እንደነበር ሳያውቅ ሞቱበት። እንደ እናት ያልቅስላቸው ወይስ እንደ ጎረቤት?

አለቃ የሚባሉት አማቱ ናቸው። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ ዓመት መርተዋል፤ ጡረታ ሲወጡ ቅጽል ስማቸው ተከትሏቸው ቤት ገባ። ምስጋና አይሆንላቸውም ነበር። ነገሩ ካማረ «ደህና» ይላሉ፣ በጣም ካማረ ዝም ይላሉ።

ኤሲው ጠቅ አለና ጭራሽ ጠፋ። ሰው ሁሉ እኩል ቀና አለ።

«እሱም አዘነ መሰለኝ» አለ አንዱ።

አክስትየው የደም ግፊት አለባቸው፤ ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ባለቤቱ ከእናቷ ፎቶ ሥር ተቀምጣ ወደ እሱ ተመለከተች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። በዚህ ቤት ኤሲ ሲያስቸግር የሚጠራው አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው አሁን የለም። መምህሩ ትሪውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

በዓመት ሁለቴ አለቃ ሽርጣቸውን አስረው የውጪውን ማሽን ሊያጥቡ እዚህ ጓሮ ይወጡ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና አንዲት ሹካ ይይዛሉ።

«መምህር፣ ብሬከሩን አውርድ።»

ያወርዳል።

«አወረድከው ወይስ ያወረድከው መሰለህ?»

ተመልሶ ያያል። ከዚያ እሳቸው ቅጠሉን በእጃቸው ይለቅማሉ፣ አቧራውን በብሩሽ ያራግፋሉ፣ ውሃውን እንደ ሕፃን ገላ ቀስ አድርገው ያፈሳሉ። እሱ ቧንቧው ጋ ነው። ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ዝጋ ሲሉት ይዘጋል። ላግዝ ብሎ ወደ ማሽኑ ጎን ከተጠጋ «አንተ ወዲያ ሁን፤ ቧንቧህን ጠብቅ» ይሉታል። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሁለት ዲግሪ አለው፤ እዚህ ቤት ግን አሥራ አንድ ዓመት የቧንቧ ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ለጓደኞቹ እየሳቀ ያወራዋል፤ ሳቁ ግን የጥርስ ብቻ ነበር።

ዛሬ ማሽኑ ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘው። ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሎ፣ ጫፍ ጫፉ ታጥፎ፣ በነጭ ጥብጣብ ታስሯል። እንዲህ አሳምሮ የሚያስር ሰው በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው። ቀና ሲል በአጥሩ በኩል የልብስ ሰፊዋ የእትዬ መቀስ ራስ ብቅ አለ።

«ምነው? ደህና ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት ያለበሱት?»

«ጠዋት ነው። ሰው ሲያለቅስ እሱ እያጓራ፣ ለሐዘን ቤት ነውር መሰለኝ። እሷ በሕይወት እያለች ጩኸቱ አስቸገረኝ እያልኩ ስነዘንዛት ኖሬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጸጥታ ልስጣት ብዬ…» ፊቱን አይተው አቋረጡ። «ገደልኩት እንዴ?»

«ሙቀቱን የሚያወጣው በዚህ ነው እትዬ። ሲታፈን ጠፋ።»

እትዬ መቀስ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «አደራህን፣ ለልጅቷ እንዳትነግራት። በእናቷ ሐዘን ላይ ጉድ ሠራችኝ ትላለች። ምን ዓይን ይዤ እገባለሁ?»

መልስ ሳይሰጥ ከበስተኋላው የከዘራ ድምፅ ሰማ። ዕድሜ ልካቸውን ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ የኖሩት ጋሼ ፍሬዮን ናቸው፤ ይህንንም ማሽን የተከሉት እሳቸው ነበሩ። ለሐዘን መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ነበር።

«የእኔ ጉልበት አይታጠፍም» አሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «አንተ ትሠራለህ፣ እኔ እናገራለሁ። ልብሱን አውልቅለት፣ ብሬከሩን አውርድ። እስኪበርድ አቧራውን እናጥባለን።»

መምህሩ ብሬከሩን አወረደ። ተመልሶም አየው። የአለቃ ሽርጥ ከቧንቧው አጠገብ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ከኪሱ ብሩሹን አወጣ። ወደ ማሽኑ ጎን ሲዞር መንገዱን የዘጋ ነገር አለ፤ አበባ የተተከለበት አሮጌ የቀለም ባልዲ። እጁ ቆመ።

ይህን ባልዲ ያውቀዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ሊተዋወቅ የመጣ ዕለት፣ በገዛ እጁ እዚህ የጎተተው እሱ ነው። ያን ቀን አባትየው፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ መንገድ ላይ ነበሩ። ማሽኑ ከተተከለ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሰውየው ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አብልጠው ይወዱታል ተብሏል። አለቃ አቧራውን ሲያጥቡ አገኛቸውና ጨርቅ ሊያመጡ ገባ ሲሉ፣ ሙያ ላሳይ ብሎ የወለል መፈግፈጊያ ብሩሽ አንስቶ ጎኑን እንዳረረ ድስት ፈገፈገው። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት ስስ ብረቶች፣ ከብት እንደተኛበት ሣር፣ አንድ መዳፍ ተኩል ያህል ተጋደሙ። ደነገጠ። ያገኘውን ባልዲ ጎትቶ ከለለው። አለቃ ሲመለሱ ባልዲውን አዩ፣ እሱን አዩ።

«አበባዬን ጥላ ፈለግህለት?» አሉ። «ደህና።»

አላዩም ብሎ አመነ። ባያምንም አላዩም ብሎ ኖረ።

አሁን ባልዲውን ፈቀቅ አድርጎ ጎንበስ አለ። ብረቶቹ ቆመዋል። ያ ሁሉ የተጋደመው ቦታ አንድ ባንድ ተቃንቷል፤ ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ብቻ እንደ ጠመመ ቀርቷል።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ጋሼ ፍሬዮን። «በረዶ የመታው ቦታ ነው እኮ።»

«የምን በረዶ?»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «የዚያ ዓመት በረዶ ነዋ። ሟች ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ይሄን አየና ልቡ ሊቆም። በረዶ መታው አለችው። እኔን አስጠራኝ። አየሁት። በረዶ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ይሄ ከጎን ወደ ጎን ተፈግፍጓል። እሷን ሳይ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። በረዶ ነው አልኩ። ሰውየው አላመነንም፤ እዚህ አጥር ጋ ቆሞ እትዬ መቀስን ጠየቃት።»

መምህሩ ወደ አጥሩ ዞረ። እትዬ መቀስ ብርድ ልብሱን ታቅፈው አቀርቅረዋል።

«የጉድ በረዶ አልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔንም ቆርቆሮ ሊበሳው ነበር አልኩት። ምን ላድርግ? እሷ አስቀድማ መጥታ ለምናኛለች። ‹ባሌ ካወቀ ልጁን ዳግም በዚህ በር አያስገባውም፤ ልጄ ደግሞ ደህና ሰው ነው ያገኘችው› አለችኝ።»

«በዚያ ወር እንኳን በረዶ፣ ጤዛም አልነበረ» አሉ ጋሼ ፍሬዮን። «ሰውየው እስኪሞት ሰማዩን ሲራገም ኖረ። እኔ በአንድ ሰዓት ላቃናልሽ ብላት፣ ‹ተወው፣ እኔ ቀስ እያልኩ አቃናዋለሁ› አለች። ብረቱ ከቸኮሉበት ይቆረጣላ። ባልዲውንም አየር ይከለክላል፣ አንሺው ብላት፣ አንድ እርምጃ ብቻ አራቀችው። ‹ማየቴን ካወቀ ያፍራል፤ ስሠራም ቧንቧው ጋ ነው የማቆመው› አለችኝ።»

መምህሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቧንቧ ፊት ለፊቱ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ እሱ እዚያ ቆሞ ናቁኝ እያለ ሲብከነከን፣ እሳቸው እዚህ ተንበርክከው የእሱን ጥፋት በሹካ ያቃኑ ነበር። ባላዩት ነገር ሳይሆን አይተው በሸፈኑት ነገር ነው ባል የሆነው፣ በቅርቡም አባት የሚሆነው። እግዜር ይስጥልኝ የሚላቸው ጊዜ አልፏል፤ ቢላቸውም «ቧንቧህን ጠብቅ» ነበር የሚሉት። ይሄን ሲያስብ ሳቁ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ፣ ሊያቆመውም አልሞከረም። እንደ ምን እንደሚያለቅስላቸው አሁን ያውቃል።

ሽማግሌው ጊዜ ሰጡት። ከዚያ «በል፣ ልጅቷ በሙቀት አለቀች» አሉ።

«እትዬ፣ ቧንቧውን ይክፈቱልኝ» አለ።

እትዬ መቀስ ዞረው መጥተው ከፈቱ። አቧራው እየተንጠፈጠፈ ወረደ። ሹካዋን ከሽርጡ አውጥቶ ከጠመሙት ብረቶች አንዷን ትንፋሹን ይዞ አቃና። አንዷ በቃችው፤ የቀረውን ቀስ እያለ ይደርስበታል። ብሬከሩን መልሶ ሲያነሳ ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና መሽከርከር ጀመረ። መዳፉን ቢዘረጋ ከቤት የወጣው ሙቀት ጣቶቹ መሃል አለፈ። ከሳሎኑ «ተመስገን» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ባለቤቱ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን ነክቶት ነው?» አለች።

እትዬ መቀስ ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው አጠበቁት።

«በረዶ መታው» አለ መምህሩ።

ሰማዩን አየች፤ አንዲት ዳመና የለም። የባሏን እርጥብ ፊት አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች። አባቷ ሰማዩን ሲራገሙ ስትሰማ የኖረች ልጅ ናት፤ በረዶውን ታውቀዋለች።

«ዛሬም?» አለች።

«የጉድ በረዶ» አሉ እትዬ መቀስ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ገብታ ለጎረቤታቸው ከጎኗ ቦታ እንዲለቀቅላቸው አዘዘች።

መምህሩ ሹካዋን ሽርጡ ኪስ ውስጥ መለሰ። የአበባውን ባልዲ አቅፎ አነሳና ከማሽኑ ጎን፣ አንድ እርምጃ ብቻ አርቆ፣ ቦታው አስቀመጠው፤ ከቧንቧው በተቀጠለው ጎማ ውስጥ በቀረውም ውሃ አጠጣው።