ለግራ እጅ የታዘዘ ጊታር

በትዕዛዝ የተሠራ ጊታር ሊያስሸጥ የሚመጣ ሰው ሳይ ቆሽቴ ያርራል። በሰው ልክ የተሰፋ ሱፍ ማለት ነው፤ ያዘዘው ሰው ብዙ ያወጣበታል፣ ገበያ ሲወጣ ግማሹንም አያወጣም። ይህን ስናገር ሁሉም እንደ ሌባ ያየኛል።

አንዴ ሱቄ የመጡት እትዬ ግን አልተከራከሩኝም። ባላቸው ሞተውባቸው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ የሚሰጧቸው ክፍል ደግሞ ከአልጋ ሌላ አይችልም። የባላቸውን ኤሌክትሪክ ጊታር ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙና "እንግዲህ ሽጥልኝ፣ ወንድሜ" አሉኝ። ሰውየው ግራኝ ነበሩ፤ ጣታቸውም አጭር ስለነበር የጊታሩን አንገት አስቀጥነው ነው ያሠሩት።

"እትዬ፣ ይሄን ማን ይገዛኛል?" እያልኩ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላቸው።

በየሳምንቱ ብቅ እያሉ "ተሸጠ?" ይሉኛል። አልተሸጠም ስላቸው ፊታቸው ፈካ ይላል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

"እትዬ፣ እንዲሸጥ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?"

"እንዲሸጥማ እፈልጋለሁ። ግን ሳይሄድብኝ አንዴ ድምፁን ብሰማው... እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተጫወተበትም።"

አንጀቴን በሉት። ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ በቀኝ እጁ ነው የሚጫወተው፤ እኔም እንደዚያው። ባላቸው ይወዱት የነበረውን ዜማ እንዲያንጎራጉሩልኝ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት በሬን እየዘጋሁ በግራ መለማመድ ያዝኩ። ጣቶቼ አሻፈረኝ አሉ። ሚስቴም "በስተርጅና ምን ነካው በሉ!" ብላ ሳቀችብኝ።

እትዬ ሲመጡ ወንበር ሰጠኋቸውና ማጉያውን ከፈትኩ። ጀመርኩ፣ ሳትኩ። ደግሜ ጀመርኩ፣ እዚያው ቦታ ሳትኩ። በሃፍረት ላብ በላብ ሆንኩ።

ቀና ስል አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይስቃሉ፤ እንባቸውም ይወርዳል።

"ይቅርታ እትዬ፣ አበላሸሁት።"

"ኧረ ተው! ጊታሩ የመጣ ሰሞን እሱም እንዲሁ ነበር የሚሳሳተው። አዲስ ሙሽሮች ነበርን። ጎረቤቱ ሲያማርር እኔ በር ዘግቼ አዳምጠው ነበር። ያን ድምፅ ረስቼው ነበር እኮ።" እንባቸውን ጠርገው ተነሱ። "በል፣ አሁን ሽጠው።"

"ተሽጧል።"

"ለማን?"

"በግራው መማር ለጀመረ አንድ ሽማግሌ። ዛሬ አዲስ ቢያሠሩት በሚያስወጣው ዋጋ።" እኔ፣ ግማሹንም አያወጣም እያልኩ ስምል የኖርኩት ሰውዬ! "ሳምንት ይምጡና ይስሙት፤ ያኔ ትንሽ ይሻለዋል።"

እትዬ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

"ብዙ እንዳይሻለው፣ አደራ!"