የአምስተኛው ዳኛ ሕመም

ዶን ኤቬሊዮ በዚያ ሁሉ ወበቅ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። አንዳች ሕመም የለበትም፣ ልጆቼ። የሕገ መንግሥት ጉዳይ ከሚያዩት አምስት ዳኞች አንዱ ነው፤ የዛሬው ጉዳይ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እንደገና ልወዳደር ብሎ ያቀረበው አቤቱታ ነው። ሕገ መንግሥታችን አንዴ የገዛ ዳግመኛ አይመረጥም ይላል፤ ለሕፃንም የሚገባ ቃል ነው። ሁለቱ ዳኞች ለሕጉ፣ ሁለቱ ለሰውዬው እንደቆሙ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የቀረው የእሱ ድምፅ ነበር። አይሆንም እንዳይል ቤተ መንግሥቱን ፈራ፤ ይሁን እንዳይል ስሙን ፈራ። ስለዚህ ታምሜአለሁ ብሎ ላከ። ዳኛ ሲታመም ተጠባባቂው በቦታው ይቀመጣል። ተጠባባቂው የማን ሰው እንደሆነ ደግሞ ለዶን ኤቬሊዮ አልጠፋውም።

ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ ገበያ ላይ የምትሸጠው ጎረቤቱ ዶኛ ክሌታ፣ የምትሳሳላትን ዶሮ አርዳ ሾርባ ይዛለት መጣች።

«አፍዎን ይክፈቱ እንጂ! ምን እንደ ሙሽራ ያሽኮረምምዎታል?»

«ቀስ በይ፣ ክሌታ። ምን አስቸኮለሽ?»

«እንዴት አልቸኩል? ዛሬ ካልተነሱ ያ ሰውዬ ተተከለብን ማለት ነው! ገበያ ውስጥ ሕጉ አለቀለት እያሉ ሲያሾፉብኝ ‹የእኛ ሰፈር ዳኛ እያለ ሕጉን የሚነካው የለም› ብያቸዋለሁ። እንዳያዋርዱኝ!»

ዶን ኤቬሊዮን ላብ አጠመቀው።

«ጎሽ! ትኩሳቱ እየለቀቀዎት ነው» ብላ ፈነጠዘች።

ያን ጊዜ ሬዲዮው ፍርዱን ተናገረ። ሦስት ለሁለት፤ ፕሬዚዳንቱ መወዳደር ይችላል። ሚስቱ ዶኛ ኔሬይዳ ሬዲዮውን ዘጋችና በሩ ላይ ቆመች።

«በል እንግዲህ፣ አሁን መዳን ትችላለህ» አለችው።

ክሌታ ነገሩ አልገባትም። እንባዋን እየጠረገች እጁን ያዘች። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ዶን ኤቬሊዮ። ሕመም መቼ ቀን ይመርጣል?»

ይህንን አልቻለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አላመመኝም ነበር፣ ክሌታ። ፈርቼ ነው።»

እጁን ለቀቀችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህበት በተሻለው ነበር።

«ደጅ ላይ የሰፈሩ ሴቶች መቁጠሪያ ይዘው እየጸለዩልዎት ነው» አለች ቀስ ብላ። «የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው? ወጥተው ራስዎ ይንገሯቸው።»

ተነሥቶ በባዶ እግሩ ወጣ። ሴቶቹ ሲያዩት «ተመስገን! ዳነልን!» ብለው አጨበጨቡ። ዶን ኤቬሊዮ አንገቱን ደፍቶ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ።