የሦስት ወረዳ አስተርጓሚ

በቅሎዋ ጭቃው ውስጥ ስትሰምጥ ቱሳ ልጓሟን ይዞ ጎተተ። ከላይዋ የተቀመጠው ሽኩር ጃንጥላውን እንደ ጋሻ ወደ ነፋሱ መልሶ፣

«ወገቤን ቆረጥከው!» አለ በኦሮምኛ። «እስከ ስምንት ሰዓት ካልመለስከኝ ወዮልህ። ከሰዓት በኋላ የሰኪና ጉዳይ አለብኝ።»

«ወላሂ እመልስዎታለሁ። ብቻ የኔን ቃል ለዳኛው ይንገሩልኝ።»

የቱሳ ቃል አጭር ነበር። አባቱም እሱም ያረሱት መሬት ላይ ሰኞ የባለርስቱ ትራክተር ይገባል፤ ሐምሌ ነው፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። እግድ ካላገኘ እሱና ሚስቱ ሀሊሜ ከነጎጇቸው ይነቀላሉ። ይህን በአማርኛ መናገር ግን አይችልም። የገበያ አማርኛው ጨው ከመግዛት አያልፍም።

ሽኩር የሦስት ወረዳ አስተርጓሚ ነው። ባለፈው ዓመት ሦስቱ ፍርድ ቤቶች «ፍትሕን ለሕዝብ ለማቅረብ» ተባበሩ ተባለና ሰንጋ ታረደ፣ ንግግር ተደረገ። ቀድሞ በየወረዳው አንድ አንድ አስተርጓሚ ነበር፤ ከትብብሩ በኋላ ለሦስቱም አንድ ሽኩር ቀረ። አገሬው በሞላ ኦሮምኛ በሚናገርበት ምድር ቋንቋውን የሚሰማ ዳኛ መሾም ለማንም አልታሰበም። ሕዝብን ማደንቆር ሲቻል ጆሮን ማን ያበጃል!

ቱሳ ሁለት ጊዜ ላይኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አክብሮ መጥቶ «አስተርጓሚ የለም» ተብሎ ተመልሷል። ለሦስተኛው ቀጠሮ ግን የጎረቤት በቅሎ ለምኖ ትናንት ወደ ታችኛው ወረዳ ወረደ፤ ጎህ ሲቀድም ሽኩርን ከማደሪያው አስነሥቶ ጫነው። ከታችኛው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ኩርምት ያለች ባልቴት፣ ያችው ሰኪና፣ «የት ትወስደዋለህ?» ብላ ጮኸችበት።

«ለስምንት ሰዓት እመልሰዋለሁ፣ እናቴ» አላት።

ላይኛው ወረዳ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኗል። የመዝገብ ቤቱ ሹም አበጋዝ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ማኅተም ይወለውላል።

«ሽኩር! ዛሬ ታች አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ነው ያመጣኝ። ጉዳዩ ዛሬ እዚህ ነው።»

«የጭሰኛው? መዝገቡማ ትናንት በጭነት መኪና ወረደ። አስተርጓሚ የሚያሻው መዝገብ ሁሉ አስተርጓሚው ወዳለበት ይሄዳል፤ ቃሉን እዚያው ይቀበሉታል። አዲሱ የትብብር ደንብ ነው። በሩ ላይ ለጥፈናል እኮ።»

እውነትም ተለጥፏል፤ በአማርኛ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚጠራው?» አለ ሽኩር።

«ለሦስት ሰዓት ነበር የተቀጠረው፤ እስካሁን ተጠርቶ አልፏል። አቤት ያላለ ከሳሽ መዝገቡ ይዘጋል። አዲስ ይክፈት፤ ለጥቅምት ይቀጠርለታል።»

ቱሳ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሲያይ ቆየና፣ «ምን አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሽኩር ጉሮሮውን ጠረገ። «መዝገብህ ታች ወርዷል አለ።»

«ይህን ሁሉ ተናግሮ? ሙሉውን ይንገሩኝ። ሥራዎ አይደል?»

ነገረው።

ቱሳ የበሩን መቃን ያዘ። «እዚያው ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «በሩ ላይ ነበርኩ።»

«ምን ይላል?» አለ አበጋዝ።

«ምንም» አለ ሽኩር።

ውጭ ያካፋል። ሽኩር መንገዱ ዳር የቆመ የእህል መኪና አየና ፊቱ ፈካ አለ። «ይሄ አሰላ ይገባል። የዛሬው ቀን እንደሆነ ተበላሽቷል፣ እኔም ወገቤን ላሳርፍ። አንተም በቅሎዋን ይዘህ ቤትህ ግባ። እስከ ሰኞ ዕቃህን የምታወጣባት እሷው ናት።»

እውነቱን ነው። ጎተራውን፣ ሞፈሩን፣ የሀሊሜን እንስራ ሁሉ የሚሸከም ሌላ አልነበረም። በቅሎዋም ዛሬ ማታ ለባለቤቷ ትመለሳለች፤ ዕቃውን ካወጣ አሁን ነው።

ቱሳ ጎንበስ ብሎ የኮርቻውን ማሰሪያ አጠበቀ።

«በቅሎዋ ላይ ይውጡ።»

«ወዴት?»

«ሰኪና አጥሩ ሥር ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለሷስ ቢሆን የሚፈርዱላት መሰለህ?»

«አልመሰለኝም። ይውጡ» አለና ልጓሙን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ።