የተበላሹት የቀዘፋ ማሽኖች

የልብ በሽተኛው እኔ ነኝ። ይህን ሕንፃችን ውስጥ የሚኖር ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቴ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳታስቀር ለሁሉም ነግራለች። ሐኪሙ ያለው ደግሞ አጭር ነበር። "አባት፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተጎልተው እየዋሉ ልብዎ ሥራ ፈታ። ካልተንቀሳቀሱ አልወድልዎትም።" እንዳልራመድ ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል። እሱም ይህን አስቦ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩበት፣ ጉልበት የማይጎዳ የቀዘፋ ማሽን ፈልጉ አለን።

"ቀዘፋ?" አልኩ ወደ ቤት ስንመለስ። "ውሃ በሌለበት ምኑን ነው የምቀዝፈው?"

"ውሃው ምን ያደርግልሃል፣ ቦርጭህን ትቀዝፋለህ" አለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሷ ጨርቅ መሸጫ ቤት ስትሸጥ ነው ያረጀችው፤ ስለ ዋጋ ማንም አያታልላትም። መጋረጃ ለመቀየር ያስቀመጥናት ገንዘብ ነበረች፣ እሷን ለማሽኑ አደረግናት። "አዲስ የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ" ብላ አስጠነቀቀችኝ፣ ሰው የተገለገለበትን ፍለጋ ጀመርን።

እኔና እሷ ዕቃ የምንገዛበት የቆየ ዘዴ አለን። እኔ መናገር ክልክል ነው። ሻጭ የጠራውን ዋጋ ሰምቼ "ይሁን" የማለት በሽታ አለብኝ፤ ከልብ በሽታህ ይሄኛው ይብሳል ትለኛለች። እሷ ዕቃውን ታገላብጣለች፣ እንከን ታወጣለች፤ እኔ ፊቴን አጨፍግጌ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ሻጩ አልቀንስም ብሎ ሲደርቅባት የሻርፗን ጫፍ ይዛ ታስተካክላለች። ምልክቱ እሱ ነው። ያኔ እኔ "እንሂድ" እላለሁ። ከዚህች ቃል ሌላ ድርሻ የለኝም። ብዙ ጊዜ በሩን ሳናልፍ መልሰው ይጠሩናል።

የመጀመሪያው ሻጭ ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ ነው። ማሽኑን ለማሳየት መጀመሪያ የተሰቀለበትን ሸሚዝ ሁሉ ማንሳት ነበረበት። ሁለት እጀታና ሁለት ፒስተን ያለው፣ ከነሙሉ ክብሩ አልጋ ሥር የሚገባ ትንሽ ነገር ነው። ባለቤቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። እሷ የምትሞክረው እኔ ከሞከርኩ ሁሉንም ስለምወደው ነው።

"ይችን ጆሮዎ ላይ ይቆንጥጧት" አለ ሰውዬው ቀጭን ሽቦ እያቀበላት። "የልብዎን ምት ትቆጥራለች።"

ሁለት ጊዜ ጎተት አደረገችና ቁጥር የምታሳየዋን የማሽኑን ትንሽ መስኮት አየች። ሠላሳ ስድስት። ሐኪሙ የእኔን ሰባ ስምንት ብሎ ነበር፤ ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ከስልሳ እስከ መቶ ይመታል ሲልም ሁለታችንም ሰምተናል።

"አባባ፣ ይሄ እኮ አንዱን ቆጥሮ አንዱን ይዘላል!" ብላ ሳቀች።

ሰውዬው ደህና ነበር ብሎ ማለ፣ ተገዘተ፤ መስኮቷን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ሠላሳ ስድስት። አፍሮ ዋጋውን ራሱ ቀነሰ። ባለቤቴ ግን ፒስተኑን በመሀረብ ጠርጋ አሸተተችውና ዘይት ያፈሳል አለች፤ ሲጎተት ደግሞ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን በጫማ ኮቴ የሚጣሉን ሴትዮ ናቸው። ሻርፗን አስተካከለች። "እንሂድ" አልኩ።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ባለቤቴ ትቆማለች። ዘንቢሏን መሬት ታስቀምጥና ግድግዳውን ደገፍ ብላ "እረፍ እንጂ አንተ ሰው፣ ልብህን አስብ" ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አይደክመኝም። ግን እንዲህ ሲታሰብልኝ ደስ ይለኛልና ዝም ብዬ አብሬያት እቆማለሁ።

ሁለተኛዋ ሻጭ ቤት የምትለቅ አስተማሪ ነበረች። ሳሎኗ በካርቶን ተሞልቷል፣ ማሽኑ መሀል ላይ ቀርቷል። ይሄኛው በማግኔት የሚሠራ ነው፤ ሲጎተት ድምፁ አይሰማም፣ መቀመጫው በሐዲዱ ላይ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። የእግር ማሰሪያው ብቻ ተበልቷል። እሱን እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ እሰፋዋለሁ፤ መናገር ስለተከለከልኩ ግን ዋጥኩት። በልቤ ወድጄዋለሁ።

ባለቤቴ ጥቂት ቀዘፈችና ቆመች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

"ይከብዳል" አለች።

"እትዬ፣ የመጨረሻው ቀላል ላይ ነው ያለው" አለች አስተማሪዋ።

ሽቦውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሠላሳ አምስት። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አበራችልኝ፤ እንከን ስታገኝ እንደዚያ ነው የምትሆነው። አስተማሪዋ ባትሪው ይሆናል ብላ መጀመሪያ የጠራችውን ዋጋ ከፈለግነው በታች አወረደችው። ይሁን ልል አፌን ስከፍት ሻርፑን አየሁት።

መንገድ ላይ ተነጫነጭኩባት። "ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? ቆጣሪው ቢቀር ምን አለበት?"

"ልቡን ለሚያመው ሰው ልብ የማይቆጥር ማሽን ልግዛለት?" ብላ ጮኸችብኝ፣ መንገደኛ ዞሮ እስኪያየን። "ሳላውቅ ልግደልህ? መጋረጃውም ይቅር፣ ሌላውም ይቅር። አዲስ እናያለን።" አዲስ የሚለውን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

የስፖርት ዕቃ መደብሩ ባለቤት በስኒከር ጫማ የምትንጎራደድ ጎልማሳ ሴት ናት። ካርቶኑን እዚያው ፊታችን ቀደደችው፤ ላስቲኩን ራሷ ላጠችው። ባለቤቴ ሐዲዱን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ብሎኑን ሁሉ ነካካች፣ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ተቀመጠችና ሽቦውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ሠላሳ አራት።

"ጉድ! አዲሱም!" አለች። እንዲያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቻለሁ። "የኔ እህት፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምትጠሪው?"

ባለሱቋ ደነገጠች። ባትሪ ቀየረች። ሠላሳ አራት። ሽቦውን ነቅላ የራሷ ጆሮ ላይ አደረገችው። ሰባ ሁለት። አንዴ አየችን፤ ወደ በሩ መጥታ እኔ ጆሮ ላይ ቆነጠጠችው፣ ሽቦው እስኪወጠር። ሰባ ዘጠኝ። መልሳ ባለቤቴ ላይ አደረገችው። ሦስታችንም መስኮቷን አየናት።

ሠላሳ አራት።

ባለሱቋ ተንበርክካ የባለቤቴን እጅ ያዘች። ጣቷን አንጓዋ ላይ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ሲቆም፣ ረጅም ጊዜ ቆይቶ እንደገና ሲንቀሳቀስ አየሁ። ፊቷ ተለዋወጠ። ባለቤቴ ዝምታውን የዋጋ ዝምታ አድርጋ ወሰደችው፤ ሻጭ ሊቀንስ ሲል እንዲህ ነው ዝም የሚለው። በሌላው እጇ ሻርፗን አስተካከለች።

ክው አልኩ። ያ ፎቶ አንሺ የማለው እውነቱን ነበር። አስተማሪዋም ባትሪዋ ደህና ነበር። ከቤት ቤት እየዞርን ዋጋ ያስቀነስነው በእሷ ልብ ነው።

"እንሂድ" አልኩ። ስንት ዘመን ያልኳት ቃል ናት፤ የምሬን ስላት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። "እንሂድ፣ ተነሽ!"

"ገና ነው" አለች በሹክሹክታ። "ዝም በል፣ ልትቀንስ ነው።"

ባለሱቋ ራሷ መኪናዋን አስነስታ ሆስፒታል አደረሰችን። መደብሩን መቆለፏን እንኳ አላየሁም። ባለቤቴ መንገዱን ሁሉ ስትቆጣ ሄደች፤ ማሽኑን ሳንገዛ፣ በሰው መኪና፣ ያለ ምንም ምክንያት። ነርሷ አልጋ ላይ አስተኝታት ጣቷ ላይ መቆንጠጫ አደረገችላት። ከራስጌ ያለው ትልቁ መስኮት በራ። ሠላሳ ሦስት። ነርሷ መራመድ ትታ ሮጠች።

ባለቤቴ ቁጥሩን ቀና ብላ አየችው። እኔን አየችኝ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር።

"ሁሉም ሊበላሽ አይችልም፣ አይደል?"

ሐኪሟ ብዙ አላብራራችም። ልቧ ውስጥ ምቱን የሚያስተላልፈው መስመር ተቋርጧል፣ ዛሬውኑ ደረቷ ላይ ልብን የምትቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ ይቀበርላታል፣ አንድ ሳምንት ብታድር ኖሮ አላውቅም አለች። "ይደክማቸው አልነበረም?" ብላ ጠየቀችኝ። "ደረጃ ሲወጡስ?"

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ዘንቢል ማስቀመጥ፣ "እረፍ እንጂ አንተ ሰው" ማለት። ለእኔ ብላ የምትቆም መስሎኝ ነበር። እሷ ራሷ እንደዚያ ይመስላት እንደሆነ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ብጠይቃትም "ለአንተ ብዬ ነው፣ ይልቅ ቅዘፍ" ነው መልሷ። የምቀዝፍበትን ማሽን ከአስተማሪዋ መጀመሪያ በጠራችው ዋጋ እንደገዛሁት ግን አልነገርኳትም። ብትሰማ ያ የተቀበረው መሣሪያ ይችለው እንደሆነ እንጃ።

ያን ቀን ግን ገና ምንም አናውቅም ነበር። አልጋዋን እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲወስዷት አጠገቧ ስሮጥ ጉልበቴ እንደሚያመኝ እንኳ ትዝ አላለኝም። በሩ ጋ ሲደርሱ አልጋው ቆመ። ከዚህ በኋላ እርስዎ አይገቡም አሉኝ። ባለቤቴ በሩን አየች፣ ውስጥ ያለውን መብራት አየች። በሕይወቴ ፈርታ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሻርፗን አስወልቀዋት አረንጓዴ የወረቀት ቆብ አድርገውላታል። እጇን ከአንሶላው ሥር ቀስ አድርጋ አወጣችና የቆቡን ጫፍ ይዛ አስተካከለችው። ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ጠበቀች።

ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት።

"አንሄድም" አልኳት። "የጠሩትን እንከፍላለን።"