ከሻማው የወጣው ሞገድ

ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ያረጀሁ፣ ሰውን በቀላሉ የማላደንቅ ሰው ነኝ። ቂርቆስ ባለችው ሱቄ የደበቅሁትን ታዲዎስን ግን አደነቅሁት። ከየካቲቱ ፍጅት በፊት አስተማሪ ነበር። ጣሊያን የተማረውን ሁሉ እያደነ ይገድል ስለነበር፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ወናፍ የሚነፋልኝ መሃይም ነው እል ነበር።

ያኔ ካዛንችስ ለሚሠሩት የጣሊያን ቤቶች የጭስ ማውጫ ቱቦ አቀርባለሁ። ቀጥ ያለው ቱቦ ችግር የለውም፤ ጉዱ መታጠፊያው ላይ ነው። እዚያ የሚጋጠሙትን ሁለት ቁራጮች በግምት እቆርጣለሁ፣ አይገጥሙም፤ ደግሜ እቆርጣለሁ፣ ይባስ ይሆናል። እንዲህ ቆርቆሮ ስፈጅና ስራገም ታዲዎስ አላስችል አለው።

«ጋሽ ጉተማ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?»

ሻማ ላይ ወረቀት ጠቀለለና ከነሻማው በሰያፍ ቆረጠው። ቢላው ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወረቀቱን ሲዘረጋው ግን ጠርዙ ወጣ ወረደ፣ ሞገድ ሠራ።

«ሲኑሶይድ ይባላል» አለኝ። «በክብ የሚዞር ነገር ከፍና ዝቅ ማለቱን ብቻ እየተከታተሉ ቢስሉት ይኸው መስመር ይወጣል። ቀኑ በዓመት ውስጥ ሲረዝምና ሲያጥር፣ የበገና ጅማት ሲርገበገብ፣ በቃ ይኸው ነው።»

ዕድሜ ልኬን ስረግመው የኖርኩት መታጠፊያ ለካ የፀሐይ ዘመድ ኖሯል። ሞገዱን ቆርቆሮ ላይ በከሰል ሳለልኝ፤ ቆርጬና ጠቅልዬ ስበይደው ፀጉር አያሾልክም።

በማግስቱ የሥራው አለቃ ጣሊያን ቱቦ ሊወስድ መጣና በትርፉ ቆርቆሮ ላይ የቀረውን የከሰል ሥዕል አየ። «ማነው የሳለው?» አለ በተሰባበረ አማርኛው። የወናፉ ድምፅ ቆመ። ወደ ታዲዎስ እንዳልዞር አንገቴን ገትሬ «እኔ» አልኩ።

ሳቀብኝ። ሰፋ ያለ ቱቦ በእግሩ ገፋልኝና «ለዚህም ሳልለት» አለኝ።

ካልቻልኩ ሱቄ ውስጥ የተማረ ሰው አለ ማለት ነው፤ ታዲዎስን ከዚያው ከወናፉ ሥር ይወስዱታል። ይህን ወፍራም ብረት እንደ ሻማ በቢላ አልቆርጠው። ዞር ስል ብረት የማበርድበት ገንዳ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። ውሃስ ፊቱ እንደ ቢላው ቀጥ ያለ አይደል? የሲሚንቶ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቀለልኩ፣ በሰያፍ አዘንብዬ ውሃው ውስጥ ነከርኩት፣ ወዲያው አውጥቼ ዘረጋሁት። የራሰው ጠርዝ ወጣ ወረደ።

ጣሊያኑ እርጥቡን መስመር በጣቱ ተከተለው።

«ማን አስተማረህ?»

«ውሃው» አልኩት።

ቱቦዎቹን አስጭኖ ሄደ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ታዲዎስ ወረቀቱን አንሥቶ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ያየዋል።

«ይህን እኮ እኔ አላስተማርኩዎትም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ጉተማ፣ ከእንግዲህ እርስዎም ይጠንቀቁ። እርስዎም ተምረዋል።»

ፈራሁም ኮራሁም፤ ተነሥቼ በሩን ቀረቀርኩት።