የማነስ ጊልዴያ ሁለት ዕድሜ

ቻርሊ ብሬስሊን ሲከለክል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰው ጮኾ ቢከለክለኝ ጮኼ እመልሳለሁ። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ፣ ያዘነ መስሎ ነው «አይሆንም» የሚለው።

የጠየቅኩት ትልቅ ነገር አልነበረም። እናቴ ኖሪን ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙ በጋውን አታየውም ብሎኛል፣ እሷም ታውቀዋለች። የምትፈልገው ድረምካራ ባለው አሮጌ መቃብር ከአያቶቿ ጋር ማረፍ ብቻ ነው። የተወለደችው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ነው፤ ያደገችው ግን አባቷ ኮናል ስለዚያ ኮረብታ ሲያወራ እየሰማች ነው፤ ትልቅ ሰው ስትሆን ወደዚህ መጣች። መቃብሩ ከሞላ ቆይቷል። የቤተሰብ ቦታ የሌለው ሰው አይገባበትም። የሚወስነው ኮሚቴው ነው፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ ቻርሊ ነው።

ድንጋዩማ አለ። «ለሚስቱ ለሺላ፣ ባሏ ማነስ ጊልዴያ ያቆመው፣ 1905» ይላል። እናቴ የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ማነስንም የቀበረው እዚያው ከሺላ ጎን ነው ትላለች፤ ኮሚቴው ማረጋገጫ አምጡ አለ። የኮናል የክርስትና መዝገብ እርጥበት በልቶት ጠፍቷል። ልደቱንም ያስመዘገበ ሰው የለም።

የቀረኝ የሕዝብ ቆጠራ ነበር። በእኛ አገር ከዚያ ዘመን በሙሉ የተረፉት የ1901 እና የ1911 ብቻ ናቸው። ከእነሱ በፊት ከነበሩት ከፊሉ የወረቀት እጥረት በነበረ ጊዜ ተፈጭቶ አዲስ ወረቀት ሆኗል፣ ከፊሉ ደብሊን ውስጥ ነዷል። የተረፉትን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸዋል። እኔ ዕድሜዬን ጸጉር ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ኮምፒውተር የምነካው የልጅ ልጆቼን ፎቶ ለማየት ነበር። ግድ ሲሆን ተማርኩ።

አገኘኋቸውም። በ1901 ድረምካራ ውስጥ ማነስ ጊልዴያ፣ ሃምሳ አራት ዓመት፣ ከሚስቱ ከሺላ ጋር፤ ልጅ የላቸውም። በ1911 እዚያው ድረምካራ ማነስ ጊልዴያ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሰባት ዓመት ልጁ ከኮናል ጋር። የአያቴን ስም በዚያ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ሳየው አለቀስኩ። አትሜው በቀጥታ ቻርሊ ቤት ሄድኩ።

ቻርሊ መነጽሩን አድርጎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«ዴርብላ፣ ይኼኛው ማነስ ሃምሳ አራት ነው። ይኼኛው ሰባ ሁለት። ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ያረጃል?»

ዕድሜውን አላየሁትም ነበር። ስሙን እያየሁ ሳለቅስ ቁጥሩ አምልጦኛል።

«ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናላ» አልኩት።

«ወይ ደግሞ ሁለት ሰው ናቸው። አንደኛው ማነስ ሚስቱን ቀብሮ ስኮትላንድ ሄዶ ቀረ፣ ሌላኛው ከተራራው ማዶ ልጁን ይዞ መጣ። ጊልዴያ እንደሆነ እዚህ አገር እንደ ጠጠር ነው። የማላውቀውን ሰው መቃብር ለማላውቀው ሰው ልሰጥ?»

«እናቴን አታውቃትም?»

«እናትሽንማ! ምን የመሰለች ሴት። የማላውቀው አያቷን ነው።»

ለእናቴ አልነገርኳትም። ኮሚቴው ከፋሲካ በፊት ይሰበሰባልና ትንሽ ጠብቂ አልኳት።

«እኔን ነው ጠብቂ የምትዪው?» አለችኝ። «ለሱ ንገሪው ለሐኪሙ።»

የዚያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ጸጉር ቤት ውስጥ ስለ ዕድሜ የማይዋሽ ሰው አላየሁም፤ ግን ሁሉም የሚቀንስ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላት አርባ ሦስት ነኝ ትለኛለች፣ እኔም አምኜ ቀለሟን እቀባታለሁ። የሚጨምር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ማነስ ዋሽቶ ይሆናል ብዬ ማሰብ እንኳ አልቻልኩም።

ዓርብ ዕለት የእናቴን ጡረታ ልቀበል ፖስታ ቤት ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያለችው ግሮኒያ፣ የዳቦ ቤቷ፣ ጉልበቷን እያሸች ለፖስታ ቤቷ ልጅ ታማርራለች።

«ጉልበቴ ሰማንያ ከሞላው ቆየ፤ እናንተ ግን ስልሳ ስድስት ካልሞላሽ ትላላችሁ። የልደት ወረቀት የሚባል ባይኖር ኖሮ ዛሬውኑ እጨምርላችሁ ነበር።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ጡረታውን ሳልቀበል ወጥቼ ቤቴ ሄድኩ።

የእርጅና ጡረታ እዚህ አገር የተጀመረው በ1909 ነው። ሰባ ዓመት ለሞላው ደሃ በሳምንት አምስት ሽልንግ። ልደት መመዝገብ የተጀመረው ደግሞ በ1864 ነው፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች አንዳቸውም ወረቀት አልነበራቸውም። የ1911ዱን የቆጠራ ቅጽ ከየቤቱ የሰበሰበው ፖሊስ ነበር። ሰባ ሞልቶኛል ብሎ ጡረታ የሚበላ ሰው ለፖሊስ ስልሳ አራት ነኝ ሊል አይችልም።

ግን ይኼ የእኔ ሐሳብ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቻርሊ እጁን አጣጥፎ እንደሚመልሰኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ድረምካራን ቤት በቤት ማንበብ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በ1901፣ ከዚያ በ1911። ዓይኔ እስኪቀላ አነበብኩ። የፈለግኩትን ሳገኝ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ።

ኮሚቴው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰበ። ቄሱ አባ ዶሪያንም ነበሩ። ወረቀቶቼን ቻርሊ ፊት ዘረጋሁ።

«ይኼ የማን ቤት ነው?» አልኩት።

አጎንብሶ አየ። «የኛ ነው። ኢሞን ብሬስሊን፣ ቅድመ አያቴ።»

«በ1901 ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«በ1911ስ?»

ቻርሊ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። አባ ዶሪያን በትከሻው በኩል አንገታቸውን አስግገው «ሰባ ሦስት» ብለው አነበቡ።

«ያው ሚስት፣ ያው አምስት ልጆች» አልኩ። «ልጆቹ እያንዳንዳቸው አሥር ዓመት ጨምረዋል፣ አባትየው አሥራ ስምንት። ኮረብታው ላይ እንዲህ ያረጁ ሌሎችም አሉ፣ ሁሉም እዚህ አሉልህ። የኔ ቅድመ አያት ሁለት ሰው ከሆነ ያንተም ሁለት ሰው ነው። እንግዲህ አባትህ የተኛበት የቤተሰብ ቦታ የማን እንደሆነ ንገረኝ።»

አባ ዶሪያን መሳቅ ጀመሩ። «የጡረታ ሹሙ ትልቁን ነፋስ ታስታውሳለህ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር አሉ። ያ ነፋስ የቤቱን ሁሉ ክዳን የገፈፈው በ1839 ነው፤ ያስታወሰ ሰው ሰባ ሞልቶታል ማለት ነው። የኔ ቅድመ አያት ነፋሱ ካለፈ ዓመታት በኋላ ነው የተወለደችው፤ ግን ጣሪያው ሲበር አይቻለሁ ብላ መሰከረች።»

ቻርሊ አልሳቀም። «ቅድመ አያቴ ፖሊስን ዋሸ እያልሽኝ ነው?»

«ልጆቹን አበላ እያልኩህ ነው።»

የኢሞንን ስም በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ የፈቃዱን ወረቀት ጎትቶ ፈረመ። «ቦታውን እኔ ራሴ እለካዋለሁ» አለኝ።

ለእናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ኢሞን ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ሳሏ እስኪነሳባት። ጡረታው ጋ ስንደርስ ግን ሳቋን አቆመችና እጄን ያዘችኝ።

«በዚያን ጊዜ እኮ የደሃ ልጅ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ስትራባን የሚባል ገበያ ወስደው ለባዕድ ገበሬ ነበር የሚያስቀጥሩት» አለች። «የአባቴ እኩዮች ሁሉ ሄደዋል። እናት የሌለው እሱ ብቻ ቀርቶ ትምህርት ቤት ገባ። እንዴት ሳትሄድ ቀረህ ስለው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባቴ እምቢ አለ ነበር መልሱ። በምን አቅሙ እምቢ እንዳለ እስኪሞት አላወቀም።»

አምስት ሽልንጉ ነው ልላት ነበር። እሷ ግን ደርሳበታለች።

«ከሺላ ጎን አይሁን» አለችኝ። «ከማነስ ጎን አስተኙኝ። የማመሰግነው ነገር አለ።»

ያረፈችው በሚያዝያ ነው። ቻርሊ ከጎረቤቶች ጋር ቆፈረላት፣ ከማነስ ጎን አስተኛናት።