የሱረያ እድፍ

ሐቢብ ምላጩን አስቀምጦ የፎቶግራፉን መስታወት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። አሁን ጠርቷል። ከዋክብቱ ኔጋቲቩ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ሆነው ቀርተዋል፤ በዙሪያቸው ተንሰራፍቶ የነበረውን ጥላሸት ግን ግማሽ ቀን ፈጅቶ ፍቆታል። ከወሎ መጥቶ መቀሌ ላይ ፎቶግራፍ ቤት ከከፈተ ጀምሮ የስንቱን ሹም ጠባሳ፣ የስንቷን ሙሽራ ማዲያት አጥፍቷል። ከሱ ቤት ፊቱ እንዳለ የወጣ ሰው የለም።

መምህር ወልደአማኑኤል ከሰዓት በኋላ መጡ። ጣሊያን የቁሓን ጦር ሰፈር ለቆ ሲሄድ የሸጠውን ቴሌስኮፕ የገዙት እሳቸው ናቸው። ሐቢብ ሱረያ በሚላቸው በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ ሰማያዊ ደመና አለ፤ የራሱ ብርሃን የለውም፣ በከዋክብቱ ብርሃን ነው የሚታየው ብለው ቢናገሩ፣ ባልደረባቸው ማዘንጊያ «ደመናውስ ዓይንዎ ላይ ነው» ብሎ መምህራኑን አሳቀባቸው። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ብርድ ላይ ቆመው ይህን አንድ መስታወት አነሡ፤ አጥቦ እንዲያትመውና ሰማያዊውን እንዲቀባው ለሐቢብ ሰጡት። ዛሬ አመሻሽ ላይ ማዘንጊያም ሌሎቹም ሊያዩት ተጠርተዋል።

መምህሩ የታተመውን፣ ገና ያልተቀባውን ወረቀት ይዘው ወደ በሩ ወጡ። አንዴ አራቁት፣ አንዴ አቀረቡት።

«ምንም የለበትም» አሉ።

ሐቢብ ምስጋና መስሎት ፈገግ አለ።

«ማዘንጊያ እውነቱን ነው። ዓይኔ ነው። ሲመጡ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ ገባው፤ ሲፍቀው የዋለው ጥላሸት ያ ደመና ነበር። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው በሱ ደረሰ፤ ያውም በሰው ዓይን። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ አፈረ። ሰማያዊው ቀለም ተበጥብጦ አጠገቡ አለ። አንድ ሁለት ጊዜ ብሩሹን ቢያሳርፍ ደመና ይሆናል፤ ማንም አያውቅም፣ ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ብሩሹን ነከረ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«መምህር፣ የርስዎ ዓይን አይደለም። ወላሂ፣ እድፍ መስሎኝ ፍቄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩ አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ደንበኛ ፎቶ የሚነሣበት በርጩማ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ቀና ብለው አዩት።

«እንግዲያው መስታወቱ ላይ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ምን ይመስል ነበር?»

ሐቢብ ግማሽ ቀን ሙሉ አጎንብሶበት ነበር፤ ግን እድፍ ነው ብሎ አንዴም አላስተዋለውም። ከበሩ ነፋስ ገባ። ከመስታወቱ ተፍቆ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጥቁር ብናኝ እንዳይበተን በመዳፉ ከለለው።